«ምንም አልነካሁም» ያለው ወንድም

በቱኒዚያዋ ስፋክስ ከተማ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ብዙም በማይርቅ የራጅ ምርመራ ማዕከል፣ ዶርሳፍ የምትባል ሴት ትሠራ ነበር። ሐኪሞቹ የሕሙማንን ምስል ከፍተው የሚያነቡበትን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት። ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቀው ደግሞ ላስአድ ነው። ሁለቱ የጡት ወንድምና እህት ናቸው፤ የእሱ እናት ጡቷ ሲነጥፍባት የዶርሳፍ እናት ከልጇ ጋር አጥብታዋለች። አንድ ጡት የጠባ ደግሞ ወንድም ነው፣ አለቀ።

ጠዋት ከሥራ በፊት ላብላቢ የሚሉትን የሽንብራ ሾርባ አብረው ይበላሉ። እሱ ሽንብራው ላይ ሐሪሳ የሚባለውን የሚያቃጥል የበርበሬ ድልህ ሲያበዛ፣ «ሆድህን ልታቃጥለው ነው!» ትለዋለች።

«የአንቺን ፕሮግራም የቻለ ሰው ሐሪሳ አያቅተውም» ይላታል፤ ይስቃሉ።

የዶርሳፍ ፕሮግራም የሚሠራው ቨርቹዋል ማሽን በሚሉት ነገር ላይ ነው። ልጆቼ፣ ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሰርቨር በሚባል አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ተከራይ የሚኖር ኮምፒውተር ማለት ነው። የራሱ አካል የለውም፤ የሚያስበው ባስጠጋው ሰርቨር አንጎል፣ ፕሮሰሰር በሚሉት ነው። ማዕከሉ አሮጌና አዲስ ሁለት ሰርቨሮች ነበሩት፤ የዶርሳፍ ማሽን የተከራየው አዲሱን ነው።

አንድ ሰኞ ይህ ማሽን ያስቸግር ጀመር። ሐኪሙ ምስል ከፍቶ ላጥራው ሲል ፕሮግራሙ ድርግም ይላል። ያስነሱታል፤ ምስል ሲከፈት እንደገና ይወድቃል። የሚያወጣው የስሕተት መልእክትም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ደረሰው ይላል።

ዶርሳፍ መጀመሪያ የጠየቀችው ወንድሟን ነበር።

«ላስአድ፣ ሰርቨሩ ላይ የለወጥከው ነገር አለ እንዴ?»

«እኔ? ምንም አልነካሁም» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «ይልቅ የራስሽን ቤት ጥረጊ፣ እህቴ።»

አመነችው። ወንድሟን ሳታምን ማንን ልታምን ነው? ወደ ራሷ ሥራ ተመለሰችና ዓመታት የደከመችበትን ፕሮግራም እየፈተሸች ትበታትነው ጀመር። አንዱን ክፍል ታወጣለች፣ ይወድቃል፤ መልሳ ታስገባለች፣ ይወድቃል። ቀስ በቀስ እጇን ማመን አቃታት።

በዚህ መሀል ሐጅ ታይብ የሚባሉ የወይራ ገበሬ ጎናቸውን ይዘው ከገጠር ይመላለሳሉ። ራጁ ተነሥቷል፤ የሚያነበው ግን ጠፋ። ዛሬም «ነገ ይምጡ» ሲባሉ ወደ ዶርሳፍ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ ማሽናችሁ?» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን አዞረች።

የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ሞንጂያ ሠራተኛውን ሰበሰቡ።

«ዶርሳፍ፣ ፕሮግራምሽ ሐኪሞቼን አሳበዳቸው። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ አውጥቼ ሌላ አስገባለሁ። ያን ጊዜ አንቺም እዚህ ሥራ አይኖርሽም።» ቀጥለውም ወደ ላስአድ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ዶርሳፍ ትንፋሽ አገኘች። ወንድሜ ሊናገርልኝ ነው ብላ ቀና አለች።

«ዶክተር፣ ሰርቨሩ ጤነኛ ነው» አለ ላስአድ። «እህቴ ብትሆንም እውነቱን መናገር አለብኝ። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ይመስለኛል።»

በማግስቱ ዶርሳፍ ፕሮግራሟን ሙሉ በሙሉ ዘጋችውና፣ ከምስል ጋር ምንም የማይገናኝ ከባድ ስሌት ለማሽኑ ሰጠችው። እሱም ወደቀ። «እንግዲህ የእኔ ፕሮግራም የለበትም» አለች ለራሷ። ማሽኑን ምን ዓይነት ፕሮሰሰር እንዳለው ጠየቀችው። የአዲሱን ሰርቨር ፕሮሰሰር ስም ጠርቶ፣ አዲሱ ብቻ የሚችለውን ፈጣን ስሌት እችላለሁ አለ። ያንኑ ስሌት ብቻውን ስትሞክረው ወዲያው ወደቀ። አለኝ የሚለው ጉልበት የለውም!

ይህ የሚሆነው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከአዲስ ሰርቨር ወደ አሮጌ ሲዛወር ነው። ቤቱ እንደተለወጠበት ስለማያውቅ በድሮው ጉልበቱ ይተማመናል። ሥርዓቱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዝውውር ይከለክላል፤ የሚቻለው ሰው በገዛ እጁ ፍተሻውን ሲያጠፋ ብቻ ነው። ያ እጅ የማን እንደሆነ ዶርሳፍ ታውቃለች።

ሰርቨር ክፍሉ ገብታ አየች። ማሽኗ አሮጌው ሰርቨር ላይ ነው። ላስአድም እዚያው ነበር።

«ላስአድ፣ ማሽኔ እዚህ ምን ይሠራል?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈብኝ ብሎ ሲጮህብኝ የአንቺን ወደ አሮጌው አዛውሬ አዲሱን ሰርቨር ለቀቅኩለት። ፕሮሰሰሮቹ አይገጥሙም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ፍተሻውን አጥፍቼ አለፍኩት። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል እኮ!»

«ታዲያ ስጠይቅህ?»

«ፈራሁ። ሳይታወቅ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ስብሰባው ላይስ? እዚያ ማን አስገደደህ?»

ላስአድ ዓይኑን ወደ አሮጌው ሰርቨር መለሰ።

«ማዛወርህ አይደለም የከፋኝ» አለች። «ሰው ይሳሳታል። ግን ጥፋቱን ራሴ ላይ ስፈልግ እያየኸኝ፣ 'የራስሽን ቤት ጥረጊ' አልከኝ! በእናቴ ጡት ያደግህ ልጅ! ለዶክተር የምትነግራቸው አንተ ነህ፤ እኔ አልነግርልህም።»

ላስአድ ሄዶ ነገራቸው፤ የወነጀላት በሰው ፊት ነበርና የተናዘዘውም በዚያው ሰው ፊት ነው። ማሽኑ ወደ አዲሱ ሰርቨር ተመለሰ፣ ምስሉም ተከፈተ። የሐጅ ታይብ ሕመም የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ተገኘና ሕክምናቸውን ጀመሩ። ዶክተር ሞንጂያም ዶርሳፍን ይቅርታ ጠየቋት።

ላስአድ በር ላይ ጠበቃት። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«እንደ ድሯችን ነን እንግዲህ?»

«አይደለንም» አለችው። «ማሽኑን በደቂቃ መለስከው። እኔ ግን ከእንግዲህ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ አንተን እጠረጥራለሁ። እንዲህ መሆን አልፈልግም ነበር፤ አንተ ነህ እንዲህ ያደረግከኝ።»

ላስአድ ዛሬ ምንም ነገር ሳይናገር አይነካም፤ ከነካም ሳይጠየቅ ይናገራል። እሷም በትሕትና ታመሰግነዋለች፣ ከዚያ ግን ራሷ ሄዳ ታረጋግጣለች።

ልጆቼ፣ «እኔ ነኝ የነካሁት» ማለት ይከብዳል፤ የሚከብደው ግን ከአፍ እስኪወጣ ነው። ዝም ያልነው ግን የሚያምነን ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። እናንተም የነካችሁት ነገር ካለና፣ አንድ ሰው በዚህ ሰዓት ጥፋቱን ራሱ ላይ እየፈለገ ከሆነ፣ ይህን ማንበባችሁን ተዉትና ሄዳችሁ ንገሩት።