የአምሐ የወተት ጥርስ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጢም አበቀለ ቢባል ማን ያምናል? ኮልፌ ግን በዓይኗ አየች። የጥሩብርሃን ታናሽ ወንድም አምሐ በአንድ ክረምት ድምፁ ጎረነነ፣ ትከሻው ሰፋ፣ ጢሙ አቀመቀመ። ልቡ ግን ያው የልጅ ልብ ነው፤ ብይ ሲበሉት እዬዬ ብሎ ያለቅሳል።

ዘመኑ ደግሞ ለጎረምሳ ክፉ ነበር። ደርግ ለጦር ሜዳ ወጣት ከየመንገዱ የሚያፍስበት ጊዜ ነው። አፋሹ የልደት ቀን አይጠይቅም፤ ጎረምሳ ከመሰለው መኪና ላይ ይጭናል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ለአምሐ እናቱም እህቱም ጥሩብርሃን ናት። ጢሙን ብትላጨውስ ትከሻውን ምን ታድርገው?

ሐኪሙ «ሌላ ሕመም የለበትም፤ አካሉ ቸኩሎ ነው» አላት። ውጭ አገር ይህን ችኮላ የሚያቆም አዲስ መርፌ መውጣቱን ሰምቷል፤ እዚህ ግን የለም። እሷም ከአንዱ መድኃኒት ቤት ስትወጣ ሌላው ስትገባ ጦር ኃይሎች አጠገብ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ የሚሠራውን ገሜዳን አገኘችው።

ገሜዳ ሃንጋሪ፣ ቡዳፔስት ከተማ ሁለት ዓመት ፋርማሲ ተምሮ፣ አባቱ ሲታመም አቋርጦ የተመለሰ ዝምተኛ ወጣት ነው። ዕድሜው ለአፈሳ የደረሰ ነውና መኪናው ሲመጣ ከመደርደሪያው ኋላ ይደበቃል።

«ይህ መርፌ ይገኝ ይሆን?»

«አላውቅም» አላት። ፊቷን አየና፣ «ግን ለአስተማሪዬ እጽፋለሁ» ብሎ ጨመረ።

አላውቅም የሚል ወንድ! የሰፈሯ ወንድ ሁሉ እኮ አዋቂ ነው። ሳቋ አመለጣት።

ከዚያ ወዲያ መልሱን ልጠይቅ እያለች ትመላለስ ጀመር። እሱም እስከ ፌርማታው ይሸኛታል። አውቶቡስ ሲመጣ «ይኼ ሞልቷል፤ የሚቀጥለው ይሻላል» ይላታል። አውቶቡሱ ባዶ ነው። እሷም ባዶነቱን እያየች «እውነትህን ነው፣ ሞልቷል» ትለዋለች። ገሜዳ ዋሽቷት ቢያውቅ ይህንን ብቻ ነው።

አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ተሻለች «ኧረ ያ ከሃንጋሪ የመጣው መርፌሽ ሳምንት ሙሉ ፍሪጄ ውስጥ ተቀምጧል፤ አትወስጂውም?» አሏት።

ጥሩብርሃን ደሟ ፈላ። «ደበቅኸኝ!» አለችው ገሜዳን።

«እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው። የመጣው የሦስት ወር ብቻ ነው። መርፌው ግን ለዓመታት የሚወሰድ ነው፤ አጥንቱም በራጅ፣ ደሙም በምርመራ መታየት አለበት። እዚህ ማን ይከታተልልናል? አስተማሪዬ ራሱ ‹መድኃኒቱ አዲስ ነው፤ የተወጉት ልጆች አድገው ገና አላየናቸውም› ነው ያለኝ።»

«አፈሳው ምን እንደሚያደርገው ግን እኔ አውቃለሁ!»

ገሜዳ የመርፌውን ብልቃጥ ከፍሪጁ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። «ልጁ ያንቺ ነው። ከወሰንሽ እኔው እወጋዋለሁ። ምንም አይሆንም ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ተቆጥታ ሄደች። አምሐ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚነቃነቅ ጥርሱን በምላሱ ይገፋል።

«አምሐዬ፣ ጉርምስናህን የሚያቆም መርፌ ብትወጋስ?»

«ያማል እንዴ፣ እትዬ?»

«ትንሽ።»

«ሳድግስ ምን ያደርገኛል?»

«ምንም» ልትል አፏን ከፈተች። ልጁ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ የምትለውን ሁሉ ሊያምን ተዘጋጅቷል።

«አላውቅም፣ የኔ ጌታ» አለችው። ገሜዳ ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈው ያን ጊዜ ገባት። ወደደችው፤ ከእንግዲህ ማስተባበል የለም።

በማግስቱ መርፌው ይቅር ብላ ብልቃጡን ልትመልስ፣ ብቻውን መተውን ፈርታ አምሐን ይዛ ወረደች። ጦር ኃይሎች ሲደርሱ የአፈሳው መኪና ቆሟል። አንዱ አብዮት ጠባቂ የአምሐን ክንድ አፈፍ አደረገ።

«ልጅ ነው! ዘጠኝ ዓመቱ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ይኼማ ዘጠኝ ልጅ ይወልዳል!» ብለው ሳቁባት።

ከመደርደሪያው ኋላ መውጣት ያልነበረበት ሰው ወጣ። ገሜዳ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ሮጦ መጥቶ የአምሐን ከንፈር ገለጠ። «እዩ! የወተት ጥርሱ ነው!» ነካ ሲያደርጋት ጥርሷ እጁ ላይ ወደቀች። «የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ወታደር የት አገር አያችሁ?»

ጠባቂዎቹ ጥርሷንም ልጁንም እያዩ ተሳሳቁና ለቀቁት። ከዚያ አንዱ ገሜዳን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ግን የወተት ጥርስህን የጨረስክ ትመስላለህ። ውጣ መኪናው ላይ።»

ገሜዳ የአምሐን ጥርስ ለጥሩብርሃን ሰጣት። «እኔ ሳልኖር ጣሪያ ላይ እንዳትወረውሯት» አለ።

«ትመለሳለህ?»

መኪናው ተነሳ። «አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜም አልዋሻትም።

ብልቃጡን ለወይዘሮ ተሻለች መለሰች። ጠባቂዎቹም አምሐን «ባለ ወተት ጥርሱ» እያሉ ያሳልፉት ጀመር። ሁለት ዓመት አለፈ። ጓደኞቹ በቁመት ደረሱበት፤ የሱ ቁመት ግን ቆመ። አጥንቱ ቀድሞ ስለበሰለ አጭር ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ሐኪሙ ነግሯታል። አንዳንድ ቀን «ባስወጋው ኖሮስ?» እያለች ትብሰለሰላለች። መልሱን የሚያውቅ የለም።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ወደቀ፤ የተበተነው ወታደር ወደየቤቱ ይጎርፍ ጀመር። ጥሩብርሃን የአምሐን ጥርስ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፌርማታው ላይ መቆም ልማዷ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ መጣ፤ ልትሳፈር እግሯን ስታነሳ ከኋላዋ የደከመ ድምፅ ሰማች።

«ይኼ ሞልቷል። የሚቀጥለው ይሻላል።»

አውቶቡሱ ባዶ ነበር። ጥሩብርሃን ዞር ስትል ጢም ፊቱን የሸፈነው ከሲታ ሰው አየች፤ ገሜዳ ነው። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ሰው አየኝ አላየኝ አላለችም።

ቤት ሲደርሱ አምሐ ጥርሱን ተቀብሎ ጣሪያው ላይ ወረወራት። ቆርቆሮው ላይ ኳ፣ ኳ ብላ ተንከባለለች። ሦስቱም ቀና ብለው ሰሟት።

«አሁንስ?» አለችው ጥሩብርሃን፣ እጁን ይዛ። «አብረኸኝ ትቀራለህ?»

ገሜዳ አላውቅም ይላል ብላ ጠበቀች።

«ይህንን አውቃለሁ» አላት።