በግቢው የተዘረጋው ገመድ

ጉንዳን የሚሏት ልጅ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነበር። የምትኖረው ከእንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ፣ በጠባቡ መንገድ መጨረሻ ላይ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ስሙን ያወጡላት ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ተሸክማ ስለምትገባ ነው። የተሰበረ ሣጥን፣ የጣውላ ቁራጭ፣ የዛገ ሚስማር፣ ያገኘችውን ሁሉ ትሸከማለች። እናቷ በልብስ ፋብሪካ ስትሰፋ ትውላለች። ቤት የሚውሉት የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ቅርጫት ሠሪው አጎቷ ናቸው።

አጎቷ ዓይነ ስውር ነበሩ። ብርሃናቸውን በሕመም አጡ፤ ሥራቸውን ግን አላጡም። የቀርከሃውን ስንጥር በጣታቸው እየዳሰሱ ወፍራሙን ከቀጭኑ ይለዩ ነበር። ከመኝታ ክፍላቸው እስከ ሥራ ቤታቸው ሠላሳ ሁለት እርምጃ ነው። በመካከሉ አከራዩ ለውሃ ማጠራቀሚያ አስቆፍሮ በጅምር የተወው ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ስለዚህ እናቷ አራት ቋሚ ተክላ፣ ጉድጓዱን የሚዞር ገመድ ዘረጋችላቸው። አጎቷ ገመዱን በቀኝ እጃቸው ይዘው ጧት ይሄዳሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ።

በዚያ ወራት እኔ አስተማሪዋ ከትምህርት ቤታችን መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አዋስኳት። መርከቡ ተሰባብሮ፣ ጓደኞቹ ሰጥመው፣ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻውን ስለ ቀረ ሰው የሚናገር የቆየ ልብ ወለድ ነው። ያ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከመርከቡ ስብርባሪ ጣውላና ገመድ እያወጣ ቤት ሠራ፤ መሬት ቆፍሮ ዘራ፤ ያላወቀውን እየተሳሳተ ተማረ። እኔም በክፍል ውስጥ ትጋቱን አብዝቼ አወደስኩ።

ጉንዳን መጽሐፉን ለአጎቷ ጮክ ብላ ታነብላቸው ነበር። እሳቸውም ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ “ሰውዬሽ ቅርጫት መሥራት ሲጀምር ንገሪኝ፤ ስሕተቱን አርምለታለሁ” ይሏት ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ልጅቱ ከአጥሩ ጀርባ፣ የመሰንጠቂያው ሰጋቱራ በሚከመርበት ባዶ ቦታ፣ የራሷን ቤት መሥራት ጀመረች። የተጣለ እንጨት የመሰንጠቂያውን ዘበኛ አስፈቅዳ ወሰደች። ግድግዳውን ብቻዋን አቆመች። እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለባትም፤ እኔም አይቻት ቢሆን ኖሮ ባመሰገንኳት ነበር። የቀራት አንድ ነገር ነው። የጣራዋን ቆርቆሮ ነፋስ እያነሣ ይጥልባታል፤ የምታስርበት ገመድ የላትም።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አጎቷ ጋደም አሉ። ጉንዳን በግቢው መካከል ቆማ ገመዱን ተመለከተች። በልቧም፣ ጋሼ መንገዱን ያውቁታል፤ ደግሞም ሳይነሡ እመልሰዋለሁ አለች።

ልጆች፣ ይህን “ሳይነሡ እመልሰዋለሁ” የሚለውን ሐሳብ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? እጃችሁን አታውጡ። ለራሳችሁ መልሱ።

ቋጠሮውን ፈታች። ጣራዋን እያጠበቀች ሳለ ጊዜው ሄደ። አጎቷም ነቁና እንደ ልማዳቸው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ገመዱ የለም። ረግቦ ይሆናል ብለው ዝቅ አድርገው ፈለጉት። አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ ሌላም ጨመሩ።

ጉንዳን ከአጥሩ ጀርባ የሰማችው ጩኸት አልነበረም። ከባድ ነገር ሲወድቅና ድንጋይ ሲንከባለል ሰማች።

ከሁሉ በፊት የደረሰችው ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ ናት። እጇ ሳሙና እንደ ሆነ መሰላል አስገብታ ወረደች፤ ወንዶቹ መጥተው እስኪያወጧቸው ድረስ ራሳቸውን በጭኗ ላይ ይዛ ቆየች። በዚያ ግርግር መካከል ጉንዳን ምን አደረገች? ሮጣ ተመለሰችና ገመዱን ከጣራው ፈትታ ሰጋቱራው ውስጥ ቀበረችው።

ሐኪሙ የቀኝ እጃቸው አጥንት እንደሚገጥም፣ ጣቶቻቸው ግን ከእንግዲህ ስንጥር እንደማይጨብጡ ለእናቷ ነገራት። እናቷ ወደ ቤት ስትመለስ ስለ ገመዱ ጠየቀቻት። ልጅቱ አላየሁም አለች።

ውሸት፣ ልጆች፣ ብቻውን አይቀመጥም። በሦስተኛው ቀን እናቷ ልብስ አጣቢዋን በቦኖው አጠገብ፣ ውሃ በሚጠብቁት ሴቶች ፊት ያዘቻት።

“ገመዱ ላይ አንሶላ ላስጣ ብለሽ የለመንሽኝ አንቺ አይደለሽም?”

“ብለምንስ? እንቢ አልሽ፤ ተውኩት። መለመን ከመቼ ወዲህ ነው ሌብነት የሆነው?”

“እንግዲህ ገመዱ እግር አውጥቶ አልሄደ።”

“እኔ ጉድጓድ የገባሁት የሰረቅኩትን ፍለጋ ነበር በይኛ።”

ሴቶቹ ዝም አሉ። ዝምታቸው ግን ፍርድ ሆነ። አንዷ ልብሷን ለሌላ አጣቢ ሰጠች፤ ሁለተኛዋ ተከተለች። በሳምንቱ የአጣቢዋ የልብስ ማስጫ ሽቦ ባዶውን ቀረ። ጉንዳን በየቀኑ በዚያ ታልፋለች፤ ባዶውን ሽቦ ታያለች፤ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ማታ ማታ ጸሎት ስታደርስ ቃሉ ከአፏ ይወጣል እንጂ ከልቧ አይነሣም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን አጎቷ ከተኙበት ሆነው መጽሐፉን ከመጀመሪያው እንድታነብላቸው ጠየቋት። ሰውዬው ወደ ተሰበረው መርከብ ዋኝቶ ገመድ ካወጣበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ደከመ።

“በመርከቡ ላይ ሌላ ሰው ተርፎ ነበር?” ብለው ጠየቋት።

“የለም፣ ጋሼ። ሁሉም ሰጥመዋል።”

“እንግዲያው ማንንም አልበደለም። በደልከኝ የሚለው ሰው የለም፤ የሚጠይቀውም ሰው የለም።”

ጉንዳን መጽሐፉን ዘጋች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ አልደግምላችሁም። ቋጠሮውን ፈትታ መውሰዷን፣ ሰጋቱራ ውስጥ መቅበሯን፣ አጣቢዋ ስትከሰስ ዝም ማለቷን፣ አንዱንም ሳታስቀር እያለቀሰች ነገረቻቸው። አጎቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ” አለች።

“እግዚአብሔር ይቅር ይልሻል። እኔ ዛሬ አልችልም፤ ጊዜ ስጪኝ” አሏት። “እጄን ልትመልሺው አትችዪም። የዚያችን ሴት ስም ግን መመለስ ትችያለሽ። ተነሺ።”

ሄደች። አጣቢዋ አንዲት ቀሚስ እየጨመቀች ነበር። ልጅቱ እየተንተባተበች ተናገረች። ሴትየዋ ቀሚሷን ጨምቃ እስክትጨርስ ድረስ ቀና አላለችም።

“እኔማ አለመስረቄን አውቃለሁ” አለች በመጨረሻ። “ይህን ንገሪ ለማያውቁት።”

ከመናዘዝ ሁሉ የሚከብደው ይህኛው ነበር። ጉንዳን እናቷን ከፋብሪካው በር ላይ ጠብቃ ነገረቻት። እናቷ አልመታቻትም።  በማግስቱ ጧት ግን ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ ቦኖው ወሰደቻት፤ በእነዚያው ሴቶች ፊትም ሁለቱም አጣቢዋን ይቅርታ ጠየቁ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን መለሱላት። ሁሉም ግን አልተመለሱም።

አንድ ዳቦ ቤት አጎቷን ያዘዘው ቅርጫት በጅምር ቀርቶ ነበር። ጉንዳን ሥራውን እንዲያስተምሯት አጎቷን ለመነቻቸው። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ትቀመጣለች፤ እሳቸው በቃል ይመሯታል፤ በግራ እጃቸው ይዳስሱና “ፍቺው” ይላሉ። ስንጥሩ ጣቶቿን ቆረጣት። የመጀመሪያው ቅርጫት መቀመጫ ስድስት ጊዜ ተፈታ። ሰባተኛውን ሲዳስሱ እጃቸው በላዩ ላይ ቆየ።

“ይቅር ብዬሻለሁ” አሏት። “ይህ ግን አሁንም ጠማማ ነው፤ ፍቺው።”

እሷም ፈታችው፤ ደግማም ጀመረችው። አጎቷ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞታቸው በገዛ እጃቸው አንድ ቅርጫት አልሠሩም።

ልጆች ሆይ፣ ትጋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው የተደገፈበትን ነገር ሳይጠይቁ ማንሣት በደል ነው፤ በደልን በሌላ ሰው ስም መሸፈንም ከበደሉ ሁሉ ይከፋል።