የሰማያዊዋ ሞተር ምስክር

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረችኝም» አለ ማቴዎስ፣ መዳፉን የሞተሯ መቀመጫ ላይ አሳርፎ።

ልጁ ታቢታ ቀና አላለችም። በርከክ ብላ የግራውን ሳጥን የመጨረሻ ብሎን እያጠበቀች ነበር። የማውለቅና የመግጠም ሥራ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ የእሷ ነው። ሰማያዊዋ ሞተር ከሰኞ እስከ ዓርብ ራቁቷን ናት፤ አባቷ ከምሥራቅ ሰፈር ወደ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ይመላለስባታል። ቅዳሜ አያቷን ለመጠየቅ ወደ ይርጋለም ሲነሱ ግን ትልቁ የፊት ነፋስ መከላከያ መስታወትና ሁለቱ የጎን ሳጥኖች ይገጠሙላትና ሌላ ሞተር ትሆናለች። ለዚህ ሁሉ አንድ ዐሥር ቁጥር መፍቻና ሩብ ሰዓት ይበቃል። ታቢታ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ አባቷ የከሰዓት ስብሰባ ስላለበት ግን ይርጋለም አይሄዱም፣ ሞተሯ የምትዘጋጀው ለእንግዳ ነው።

«አንድ ገዝቼ ሁለት አገኘሁ ማለት ነው» ሲል ቀጠለ አባቷ። «የከተማም የመንገድም።»

«ጓድ ማቴዎስ፣ ሞተርህን ስታወራ ልጅህን የምትድር ነው የምትመስለው» አለ እንግዳው።

እንግዳው ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠው ጠሀ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት ሁለት የውጭ አገር የከብት ሐኪሞች ከአዋሳ ሲሄዱ ሁለት መንታ ሞተሮች ሸጠው ሄደዋል። አንዷን ማቴዎስ፣ ሌላዋን መምህር ወልደአማኑኤል ገዙ። አሁን መምህሩ ወደ ጂማ ሊዛወሩ ነው፤ ጠሀም ሞተራቸውን ሊገዛ አስቧል። እስከ ምሳ ሰዓት ቁርጡን ሊነግራቸው ቃል ገብቷል። ከዚያ በፊት ግን የማቴዎስን ነድቶ መሞከር፣ ባለቤቱንም መጠየቅ ፈለገ። ባዶዋን አይደለም የሚሞክረው። ሰኞ ወደ ዲላ የሚወስደውን ጣቃ ጨርቅ በጋሪ አስጭኖ፣ ልጁን ሸምሲያንም አስከትሎ መጥቷል። ሰኞ ትምህርት ስለሌለ ሸምሲያም ዲላ ያለችው አክስቷ ዘንድ ለመሄድ ከኋላው ትቀመጣለች።

ሸምሲያና ታቢታ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ዶቅዶቄያችሁ ዛሬ አምሮባታል» አለች ሸምሲያ፣ ጣቃ አቅፋ እየቀረበች።

«ዶቅዶቄ የአጎትሽ ናት። ይቺ ሞተር ናት።»

«እሺ ባለሞተር። ይኼን የት ላድርገው?»

«ከሥር። ከባድ ከባዱን ከሥር።»

ሁለቱ ሳጥኖች አምስት ጣቃ ዋጡና ሞሉ። መሬት ላይ ሦስት ቀሩ። ጠሀ ሦስቱንም አንድ ላይ አነሳና ከመቀመጫው በስተኋላ ያለው መጫኛ ላይ ቆለላቸው። ክምሩ የሸምሲያ ትከሻ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ገመዱን ለታቢታ አቀበላት።

«አንቺ እሰሪልኝ፤ እጅሽ ጥሩ ነው ይላል አባትሽ። እስከ ከተማው መውጫ ደርሼ፣ አስፓልቱ ላይ ለቀቅ አድርጌ አያታለሁ።»

«ቤንዚኑ የኩፖን ነው፣ ዲላ ድረስ እንዳትሄድብኝ» አለ ማቴዎስ።

ጠሀ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «አንድ ነገር በእውነት ንገረኝ። እኔ ልጄን ነው ከኋላ የማስቀምጠው። ጭነት ስትይዝ አትወላገድም?»

ማቴዎስ የመቀመጫውን ጫፍ በመዳፉ ጠረገ።

«ምስክሬ ልጄ ናት» አለ። «ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጠው እሷ ናት። ታቢታ፣ አንድ ቀን ወልገድ ብላብን ታውቃለች?»

ታቢታ ገመዱን እንደያዘች ቆመች።

ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። ከይርጋለም ሲመለሱ እንደ ወትሮው አባቷን መንገድ ላይ ያላስቆመው ሰው አልነበረም። የሚያውቁት ሁሉ ወደ አዋሳ የሚላክ ዕቃ አያጡም፤ እሱም እምቢ ብሎ አያውቅም። «ሰው አምኖ የሰጠህን እንዴት አልወስድም ትላለህ?» ይላል። ያን ቀን ሳጥኖቹ በቆጮ ሞልተው ነበር። በላዩ አንድ የማር ቅል ተጨመረ። በመጨረሻ አንዲት ሴትዮ ለልጃቸው ያስጠረቡትን ሙቀጫ ይዘው መጡ፤ ይህን የሚያህል ሙቀጫ። ከኋላ ታሰረ። ከአፖስቶ ወደ አዋሳ አቅጣጫ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነታቸው ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ሞተሯ በሙሉ እንደ ዓሣ ጅራት ተወዛወዘች። ተያይዘው እንሰት ውስጥ ገቡ። አጥንት አልተሰበረም፤ የታቢታ ክርን ብቻ ተላጠ። አባቷ ማሩን ከሸሚዙ ላይ በእንሰት ቅጠል እየጠረገ፣ «ለእናትሽ አንነግራትም» አላት።

እሷም ተስማማች። እናቷ ወርቄ ገና ሞተሯ የተገዛች ቀን፣ «አንድ ቀን ብትወድቁ ታቢታ ሁለተኛ አትወጣባትም» ብላለች። የእናቷ ቃል አይታጠፍም። እና ታቢታ «ክርኔ የተላጠው መረብ ኳስ ስጫወት ነው» አለች። ቅዳሜዎቿም ሳይነኩባት ቀሩ።

አሁን እናቷ ከበሩ ወዲያ የታቢታን ዩኒፎርም በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። የካውያው ክዳን ሲንኳኳ ይሰማል።

«ምነው፣ ምስክሩ ጠፋ እንዴ?» አለ ጠሀ።

ሸምሲያ መቀመጫው ላይ ወጥታ ተመቻችታ ነበር። የጨርቁን ክምር በጀርባዋ እየተደገፈች፣ «ሶፋ ነው ወላሂ» አለች።

ታቢታ አባቷን አየችው። እሱም አያት። ፊቱ የሚቆጣ አልነበረም። የሚለምን ይመስል ነበር፤ ያ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ ከበዳት። ወደ ሸምሲያ ዞረች።

«ውረጂ።»

«ለምን?»

«ውረጂ እልሻለሁ። ጋሽ ጠሀ፣ ይኼን እኔ አላስርም።»

«ታቢታ» አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

«ከኋላ ሲጫንባት ትወላገዳለች» አለች ታቢታ። «እኔና አባዬ ወድቀንባታል። አምስት ሳምንት ሆነን።»

ጠሀ መሪውን ለቀቀ። ሸምሲያ ሁለተኛ ሳትጠየቅ ወረደች። ማቴዎስ እጁን ከመቀመጫው ላይ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ማቴዎስ፣ አላሳፈረችኝም አላልክም?»

«እሷ አላሳፈረችኝም» አለ ማቴዎስ፣ መሬት መሬት እያየ። «እኔ ነኝ ያሳፈርኳት። ሙቀጫ ጫንኩባት።»

«ምን?»

«ሙቀጫ።»

ጠሀ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ሸምሲያም አፏን በመዳፏ ያዘች። ጠሀ ግን ቶሎ ሳቁን ገታ፤ ሦስቱን ጣቃዎች ሲያይ ቆየና ወደ ታቢታ ዞረ። ልጅ እንደሚያናግር አልነበረም አሁን።

«እንግዲህ አንቺን ልጠይቅ። መጥፎ ሞተር ናት?»

«አይደለችም» አለች ታቢታ። ይህን መመለስ አላስቸገራትም። «ከወደቅን በኋላ አራት ቅዳሜ ሞክሬአታለሁ። የምጭነው እኔ ነኝ። ከባዱን ዕቃ በሁለቱ ሳጥን እኩል ከፍዬ ከሥር ካደረግሁትና ከኋላ ምንም ካልታሰረ፣ ያንኑ ቁልቁለት በዚያው ፍጥነት ስንወርድ መሪው አይነቃነቅም። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ከረጢት ብቻ ከኋላ አሰርኩ። ሰው ሰጥቶን ነው። ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ አባዬን ዝግ በል አልኩትና ተወች። ከኋላ ሲከብድ ፊቷ ይቀላል። ያ ትልቅ መስታወት ደግሞ ነፋስ ይሰበስባል።»

ማቴዎስ ቀና ብሎ አያት። «ስትሞክሪ ነበር?»

«ዕቃውን ማን የሚደለድለው መሰለህ?»

«እኔማ ከፋፍለሽ የምትጭኚው አንዱ ሳጥን እንዳይሞላ ብለሽ መስሎኝ» አለ።

«ታዲያ ልግዛ ነው የምትይኝ?» አለ ጠሀ።

ታቢታ አሰበች። ከሥራ በኋላ ጋዝ በነካ ጨርቅ የምትወለውለውን ሰማያዊ ታንክ፣ መስታወቱ ሲወልቅ ደግሞ ፊቷ ላይ የሚመጣውን የሐይቁን ነፋስ አሰበች። በስድስት ዓመት ውስጥ ሞተሯ በራሷ ጥፋት መንገድ ላይ ቆማባቸው አታውቅም። ይህም እውነት ነው።

«እኔ ብሆን እገዛት ነበር» አለች። «ግን ሰው ዕቃ ሲሰጥዎት እምቢ ማለት ከቻሉ ነው።»

ጠሀ ጎንበስ ብሎ ሦስቱን ጣቃ አንድ በአንድ ወደ ጋሪው መለሰ። «እኔ ነጋዴ ነኝ» አለ። «እምቢ ማለት እንጀራዬ ነው። እነዚህ ሦስቱ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ሸምሲያ፣ ነይ ውጪ። ቀስ ብለን እስከ መውጫው።»

«ይኼ ነገር ሶፋነቱ ቀረ» አለች ሸምሲያ። በታቢታ አጠገብ ስታልፍ ግን ትከሻዋን በትከሻዋ ነካ አደረገቻት።

ሞተሯ ተነሣች። ድምፅዋ ለስላሳና እኩል ነበር። ጠሀ በግቢው በር ወጥቶ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሸምሲያ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘች።

ማቴዎስና ታቢታ የሞተሯ ድምፅ እስኪርቅ ቆሙ። ቤት ውስጥ የካውያው ክዳን መንኳኳት አቁሟል።

«ሰምታ ይሆን?» አለ ማቴዎስ።

«እንጃ።»

«ካልሰማች...» አለና ከንፈሩን ነከሰ። «ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ። ማታ ረጋ ስትል እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ምንም አትበዪ። የኔ ጥፋት ነው፤ ቅዳሜሽንም እንዳታጪ እለምናታለሁ።»

ታቢታ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልላ ዕቃ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠች። ማታ እሱ ብቻውን ቢነግራት፣ ሙቀጫውን ከታሪኩ አውጥቶ ያልዘነበ ዝናብ ያስገባ ይሆናል። ስለ መረብ ኳሱ ውሸት ደግሞ ማንም አያነሣም፤ ያ የእሷ ነው። ለሚመጣው ቅዳሜ አያቷ እንደሚጠብቋት ታውቃለች። መንገዱንም፣ አፖስቶ ላይ ሙዝ የሚሸጡትን ሴቶችም ታውቃለች። ምናልባት ለብዙ ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት ታያቸው ይሆናል።

«ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነው» አለችው። «ገና ነው።»

«ታቢታ...»

«ና አባዬ፣ አብረን እንግባ።»

ወደ ቤቱ ሄደች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ በሩን ገፋችውና፣ አባቷ እስኪደርስ ከፍታ ይዛ ጠበቀችው።