የርግቧ አረማመድ

የቴአትር ቤቱ ፋኖሶች ወርደው የኤሌክትሪክ አምፖል በተሰቀለበት ዓመት፣ በመጋቢት አጋማሽ፣ ከክቡር ከንቲባው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ወጣ፤ ከእንግዲህ ሴት መድረክ ላይ ብትቆም የሚከለክላት አይኖርም ተባለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ንግሥቲቱም፣ ሙሽራይቱም፣ ባሏ የሞተባትም አንድ ሰው ነበር፤ ሕዝቡ «ርግቧ» ብሎ ስም ያወጣለት፣ ጠዋት ማታ አገጩን የሚላጭ ጎልማሳ። ወገቡን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጎ፣ ግራ እግሩን በዝግታ እያስከተለ ሲራመድ አዳራሹ ትንፋሹን ይውጥ ነበር፤ የሹማምንት ሚስቶች ሳይቀሩ በየጎዳናው እንደ እርሱ መሄድ ጀምረው ነበር።

የቴአትር ቤቱ ኃላፊ የንግሥቲቱን ሚና ለልብስ ሰፊዋ፣ ለርግቧ ታናሽ እኅት ሰጡ፤ ለእርሱ የአሽከሩ ሚና ደረሰው።

«ለሙከራ ነው» አሉት። «ሕዝቡ ካልተቀበላት ዘውዱ ወዳንተ ይመለሳል፤ እሷም ወደ መርፌዋ። ሌላ ሴትም አልሞክርም።»

በልብስ መስፊያው ክፍል፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል ርግቧ አረማመዱን ያስተምራት ጀመር።

«እግርሽን ጎተት አድርጊው እንጂ! ዝናብ ሊመታሽ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእማዬ አረማመድ ነው።»

«ታዲያ ከእሷ የበለጠች ሴት የት አይቼ?»

«ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ እኮ ነው! በተራመደች ቁጥር ጥርሷን ትነክስ ነበር።»

«ያምር ነበር።»

«ለሚያየው ነዋ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «የእኔ ዳሌ ደኅና ነው፤ እንደ ደኅና ሰው እሄዳለሁ።»

«ይጮኹብሻላ።»

«ይጩኹ። አንተንስ ‹ጢሟ በቀለ!› ብለው ጮኸውብህ የለ?»

ሳይወድ ሳቀ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተከፈተ፤ ንግሥቲቱም ጉዳይ እንዳለባት ሴት ቀጥ ብላ፣ ፈጠን ብላ ገባች። ከኋላ ወንበሮች ጉምጉምታ ተነሣ።

«ይቺማ ሴት አትመስልም!»

«ርግቧን አምጡልን!»

ጩኸቱ አዳራሹን ሞላው። እኅቱ ከአምፖሉ ሥር ተገትራ የቀሚሷን ጥልፍ ጨብጣ ቀረች። ከመጋረጃው ጀርባ ኃላፊው የርግቧን ክንድ ያዙ፤ «አሮጌው ቀሚስህ እዚያ ተሰቅሏል፤ ቶሎ በል!»

ቀሚሱን ለአፍታ ተመለከተው፤ ከዚያም በአሽከር ልብሱ ወጣ። እግሩን እያስከተለ ሲራመድ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መድረኩ መካከል ሲደርስ ግን ዳሌውን በእጁ ያዘ፤ ጥርሱን ነከሰ፤ ልጅ ሳለ በየደረጃው ያየውን የእናቱን ፊት አሳየ። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ረገበ። እያነከሰ ከእኅቱ ፊት ደርሶ እጅ ነሣ።

«ንግሥት ሆይ፣ ይህ እግር ደክሞታል፤ ያርፍ ዘንድ ይፍቀዱለት።»

በቴአትሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። ትክ ብላ አየችው።

«ተቀመጥ» አለችው፤ «እኔ እሄዳለሁ።»

ሄደችም፤ የጮኸባት አልነበረም።

የዘመኑ ጋዜጣ ስለ ክቡር ከንቲባው ቸርነትና ስለ አምፖሎቹ ድምቀት ጻፈ፤ በኋላ የመጡ ጸሐፍትም ያንኑ ገለበጡ። የርግቧና የእኅቱ እናት የወደቀችበትን ደረጃ ያነሣ ማንም የለም። በየጎዳናው ግን አንዳንድ አሮጊት ወይዘሮ ደኅና እግሯን በኩራት ስትጎትት እስከ ብዙ ዘመን ትታይ ነበር።