መድኃኒቱ ሳይደርስ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ከጦር ሆስፒታሉ የኋላ በር አንዲት ሴት በየማለዳው ገለባ የተጎዘጎዘበት ቅርጫት ተሸክማ ትወጣ ነበር፤ በቅርጫቱ ያሉት ጠርሙሶች የያዙትም የአንድ ሕመምተኛ ሃምሳ አለቃ ሽንት ነበረ። ዘበኞቹ «የጠርሙስ አዛዥ አለፉ!» እያሉ በወታደር ሰላምታ ሲያፌዙባት፣ «ቆዩ ብቻ፣ ተራችሁ ሲደርስ እናንተንም እሸከማችኋለሁ» ብላ ታልፋቸዋለች።

ሴትዮዋ የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ድንጋይ ሲጠርብ ፍንጣሪ አውራ ጣቱን ጫረው፤ «ይህ ደግሞ ቁስል ሆኖ ነው?» ብሎ በጨርቅ ጠምጥሞ ሥራውን ቀጠለ፤ ክንዱ አበጠ፣ ደሙ ተመረዘ፣ ክረምቱ ሳይገባም እርሷ ባጠበችው አንሶላ ላይ ተኝቶ አረፈ።

ክረምቱ ሲወጣ አዲሱ መድኃኒት ለሰው መሰጠት ጀመረ። ከሻጋታ ተጣርቶ የሚወጣ ነው፤ ከስንት ሳህን ሻጋታ የሚገኘው ዱቄት ግን ከቁንጥጫ አያልፍም፤ የሕመምተኛው ሰውነትም አብዛኛውን እንዳለ በሽንት ያስወጣዋል። ስለዚህ ሻለቃው ሐኪም ሽንቱ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቤተ ሙከራ እየተወሰደ እንዲጣራ፣ መድኃኒቱም ወደዚያው ሕመምተኛ እንዲመለስ አዘዙ። ሃምሳ አለቃው እጁን የሽቦ አጥር ጭሮት ነበር፤ ክንዱም ልክ እንደ ግንበኛው ክንድ አብጦ ነበር።

አንድ ቀን አጣቢዋ ጠርሙሶቹን ለቤተ ሙከራው ሽማግሌ መድኃኒት ቀማሚ እያስረከበች፣

«ጌታዬ፣ ይህ ነገር ጀርሙን ምን ያደርገዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ጀርም ዙሪያውን ግድግዳ አለው፣ ልጄ። ሲራባ ለሁለት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ግድግዳውን መቀጠል አለበት። መድኃኒቱ ሲያገኘው አብጦ ሲፈነዳ በአጉሊ መነጽር አይተናል፤ ግንባታውን የሚያበላሽበት ይመስለኛል።»

«ኖራው ሳይዝ ጣሪያ እንደ መጫን።»

«ልክ ብለሻል። የእኛ ሥጋ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው እኛን ይምረናል።»

«ባሌ ሲሞት ይህ ሻጋታ የት ነበር?» አለች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አልዋሽሽም፤ እዚሁ ነበር፣ እዚያ መደርደሪያ ላይ። ግን ለአይጥ እንጂ ለሰው የሚበቃ አልነበረንም።»

በማግስቱ የወንዙ ድልድይ መካከል ስትደርስ ቆመች። በየቀኑ ይህን ውሃ ስትሻገር ግንበኛው፣ በዚህ መንገድ ከሥራ ሲመለስ የልብሱ ኖራ ሲሸት፣ ሻካራ መዳፉ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ይታወሳት ነበር፤ ያን ቀን ግን ናፍቆቱ ወደ ቁጣ ዞረባት። «ለእርሱ ያልሆነ ለማንም አይሁን!» ብላ አንዱን ጠርሙስ አወጣችና ቡሹን ነቀለች። ጠርሙሱ ገና ሞቅ ይል ነበር። የመጨረሻው ቀን የባሏ እጅ በእጇ ውስጥ እንዴት እንደቀዘቀዘ አሰበች፤ ይህ ግን የሕያው ሰው ሙቀት ነው። ቡሹን መልሳ ወተፈችና እየተጣደፈች፣ እያለቀሰች ተሻገረች።

ሃምሳ አለቃው ትኩሳቱ ለቀቀው፤ የክንዱም እብጠት ጎደለ። አልጋው ሥር ተቀምጠው የከረሙት እናቱ የአጣቢዋን እጅ ይዘው ሳሙ።

«ልጄ፣ ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ። ባለቤትሽ ደህና ናቸው?»

«እሱንም ይኸው በሽታ ይዞት ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ በዚሁ መድኃኒት ዳኑ?»

«የለም፤ መድኃኒቱን ቀደመው» አለች። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «መቼም ችኩል ነበር።»

አሮጊቷ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፤ እርሷም የታማሚ እናት መሆናቸውን አስባ ታጽናናቸው ጀመር።

ኋላ ፋብሪካዎች መድኃኒቱን በገፍ አወጡት፤ ሽንት ማጣራትም ቀረ። ታሪክም የሻጋታውን ግኝት፣ የሊቃውንቱን ስምና የሻለቃውን ማዕረግ መዘገበ፤ መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ከሽንት ይወጣ እንደነበርም በአንዲት መስመር ጠቀሰ፤ ከተማውን በማን እግር እንደተሻገረ ግን የጠየቀ የለም። የዳኑት ተቆጥረዋል፤ መድኃኒቱን በአንድ ክረምት ቀድመው ያለፉትን የቆጠረ የለም። አጣቢዋ ግን የጎረቤት ልጅ በዚያ መድኃኒት መርፌ ዳነ በተባለ ቁጥር ከልቧ እልል ትልና፣ ወደ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋ ነበር።