ዘጠነኛው ብሎን

ታኅሣሥ ፳፱ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም. በመካነ ብርሃን ሜዳ የገና ጨዋታ በተፋፋመበት ሰዓት አንድ ቆልማማ በትር ሩሯን ስቶ የዲያቆን ሰውአገኝን መንጋጋ ሁለት ቦታ ሰበረ፤ በሦስተኛው ቀን እናቱ ወይዘሮ ዓይናዲስ ጎንደር ከተማ፣ ከቀዶ ሐኪሟ ከዶክተር የትነበርሽ ፊት ተቀምጣ ነበር።

«ታይታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ፕሌት፣ ስስ ጠፍጣፋ ማያያዣ፣ በአጥንቱ ላይ በብሎን እናስርለታለን» አለች ሐኪሟ። «ጥርሱን በሽቦ ብቻ አስረን ብንተወው ጠምሞ ሊገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ ቃል አይጠራለትም።»

ሰውአገኝ የዜማ ተማሪ ነው፤ ቃል ካልጠራለት ቅዳሴው ቀረ። ዓይናዲስ ግን እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለችና ብረት በጨው ውኃ እንደሚዝግ ታውቃለች፤ ደም ጨው አለው፣ ምራቅም ጨው አለው፤ የልጇ መንጋጋ ከውስጥ ሲቀላ፣ ሲመግል፣ ከዚያም ለቅሶው ሁሉ ታያት።

«አይዝግም፣ እናቴ።»

«የማይዝግ ያልተባለ ብረት አለ?»

ሐኪሟ ሳቀች፤ በሌላ ሕክምና ጊዜ መሬት ወድቆ ከጥቅም ውጭ የሆነ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ብሎን ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠቻት። «ይፈትኑት፤ ግን ከሳምንት በላይ አይቆዩብኝ፤ አጥንቱ እንደ ተጣመመ መያያዝ ይጀምራል።»

በተከራየችው ክፍል መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ የጨው ውኃ አኖረች፤ በአንዱ ብሎኑን፣ በሌላው ተራ ምስማር ከተተች። የባሏ ታላቅ ወንድም አያ አለበል ሊጠይቁ መጥተው አዩ።

«ምነው ዓይናዲስ፣ ልጁ በአጥሚት ብቻ እያደረ አንቺ ምስማር ትዘፈዝፊያለሽ?»

«ይተዉኝ አያ፤ በእርስዎ መንጋጋ አይደለም የሚገባው።»

«በእኔ ቢገባማ ሸጋ ነበር! ጥርስ የለኝ፣ ብረቱ ያኝክልኝ ነበር።»

አልጋው ላይ የተጋደመው ሰውአገኝ ሳቁ አመመውና አገጩን ያዘ።

በሁለተኛው ቀን የምስማሩ ውኃ ቀላ፤ በአምስተኛው ምስማሩ ዝገት ለበሰ፤ ብሎኑ እንደ ነበረ ነው። በስድስተኛው ቀን ሄዳ የቀዶ ሕክምናውን ስምምነት ፈረመች።

«አሁን አመኑ?» አለች ሐኪሟ።

«ማመን እንኳ አላመንኩም፤ ቀኑ አለቀብኝ እንጂ።»

በሆሳዕና ዕለት ዲያቆን ሰውአገኝ ቆሞ አዜመ፤ ቃሉ ጥርት ያለ ነበር። የደብሩ መዝገብ የተረኞቹን ስም ያዘ፤ የሆስፒታሉ መዝገብም «ፕሌት ሁለት፣ ብሎን ስምንት» አለ። ዘጠነኛውን የመዘገበ የለም፤ ምስማሩ ከተጣለ ዓመታት ቢያልፉም እርሱ ዛሬም በመካነ ብርሃን በዓይናዲስ መስኮት ላይ፣ በጨው ውኃ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋትም፣ ልጇ ሳይነቃ፣ አውጥታ ወደ ብርሃን ይዛ ታየዋለች።