የእትዬ አንጓች ባዶ ወፍጮ

ጸጥታ ያሳርፋል ይላሉ። አያሳርፍም። ይህን የምልህ ስለ ጎረቤት ጩኸት በተወራ ቁጥር «ግድግዳህን አወፍር፣ ካልሆነ ቤት ቀይር» የሚል መካሪ ስለማይጠፋ ነው፣ እኔ ሁለቱንም አድርጌዋለሁ፣ ግድግዳም አወፍሬያለሁ፣ ቤትም ቀይሬያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ሁሉ ዘመን አልፎ ዛሬም ሰው በተሰበሰበበት ድንገት ዝም ሲባል ተነስቼ እወጣለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ። እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ቡዳ በላው፣ ዛር ሰፈረበት፣ የሙት ጥላ ታየው ሲባል «ምን ጠጥቶ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ፣ በዚህም ጠባዬ ለቅሶ ቤት እንኳ የማልወደድ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመጽሐፍ ነው፣ ያነበብሁት ሁሉ ደግሞ ያንኑ ጥርጣሬዬን ነው ያደለበው። ስለዚህ የምነግርህን ማመን ቢያቅትህ አልቀየምህም፣ እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምነውም ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ጎረምሳ ሁሉ ከገበያ፣ ከማሳ፣ ከሠርግ ዳስ ሳይቀር የሚታፈስበት ጊዜ። እኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ነበርሁ። የተሰጠኝ የቀበሌ ቤት ዱሮ አንድ የነበረ፣ ኋላ መሐሉን በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ ጋርደው ሁለት ያደረጉት ነው። በወዲያኛው ግማሽ እትዬ አንጓች የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ይኖራሉ፣ በእጅ ወፍጮ ለጠላ ጠማቂዎች ብቅል፣ ለሌላውም ሽሮ እየፈጩ ነው የሚተዳደሩት። ፈንታሁን የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፣ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ዓይነት ልጅ። አፈሳው በጠና ሰሞን ጠፋ። «ሁመራ ወረደ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ» አሉኝ እናቱ። እኔም ጎበዝ ነው ብዬ ረሳሁት።

ወፍጮው ግን የሚረሳ አልነበረም። ጎሕ ሳይቀድ ይጀምራል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠብቀኛል፣ ሰፈሩ ጭጭ ሲል ደግሞ ይብስበታል። ገር፣ ገር፣ ገር። በመጀመሪያ የጧፍ ሰም አለስልሼ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍሁ፣ ሁለት ቀን ጠቀመኝ፣ በሦስተኛው ጆሮዬ መገለ። ከዚያ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ክፍተቱን በትከሻቸው ሸፍነው ቆሙ።

«እንዴት ዋሉ እትዬ አንጓች?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው መምህር፣ እሳት ፈለግህ?»

«እሳት ሳይሆን እንቅልፍ ነው የፈለግሁት። ይህን ወፍጮ ትንሽ ቢያሳርፉልኝ።»

«ሚስት ብታገባ እኮ የእኔ ወፍጮ አይሰማህም ነበር» አሉና ሳቁ።

«ባገባም ባዶ ወፍጮ አልችልም» አልኋቸው።

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ።

እዚህ ላይ ላስረዳህ። እኔንም እናቴ ፈጭታ ነው ያሳደገችኝ፣ ድምፁን ከወተቷ ጋር ነው የጠጣሁት። እህል በመሐል ሲኖር ድንጋዩ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ረጋ ይላል፣ ባዶውን ሲሄድ ግን ይደርቃል፣ ይፋጫል። ባዶ ወፍጮ ደግሞ የሚፈጭ የለም፣ ድንጋዩ እርስ በርሱ ተበላልቶ ብናኙን ይጥላል፣ ቀጥሎ የተፈጨው ዱቄት ጥርስ ይሰብራል፣ ባዶ ወፍጮ ስትገፋ የተገኘች ልጃገረድ በእናቷ ትቆነጠጣለች። በግድግዳው አልፎ ከሚመጣብኝ ድምፅ ግማሹ ባዶ መሆኑን ካወቅሁ ሳምንታት አልፈው ነበር። «ድንጋዩን ላሟሙቀው ብዬ ነው» አሉኝ እትዬ አንጓች ቀስ ብለው። ሲመሽ በትንሽ ሰፌድ ቆሎ ይዘው መጡ፣ «ክረምቱ እስኪወጣ ታገሠኝ ልጄ» አሉ። ቆሎውን በላሁ፣ መታገሡን ግን አልታገሥሁም። ይህች ሴት ሆን ብላ እኔን ለማናደድ ነው አልሁ፣ አየህ፣ ብዙ ያነበበ ሰው ለሁሉ ነገር ምክንያት አያጣም።

ስለዚህ ግድግዳዬን አወፈርሁ። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክቼ፣ ሦስት ቀን አክርሜ፣ በእግሬ ረግጬ ከወለል እስከ ጣሪያ አንድ ስንዝር ሙሉ መረግሁት፣ ሲደርቅ የተሰነጠቀውን በእበት ደፈንሁ፣ በእበቱ ላይ ጋዜጣ ለጠፍሁ፣ በጋዜጣው ላይ የበሬ ቆዳ ሰቀልሁ። ጋዜጣው ላይ ቆመው ያጨበጭቡ የነበሩት ጓዶች ሁሉ ከበሬ ቆዳ ሥር ገቡ፣ ያን ጊዜ ይህም ያስከስስ ነበር። ምርጊቱ ቀላል ቀላሉን ድምፅ ሁሉ አስቀረልኝ፣ የሳሕን ኳኳታ፣ ንግግር፣ እንጉርጉሮ፣ አንዳች አይሰማም። ወፍጮው ግን በመሬት ውስጥ ሰርስሮ መምጣቱን ቀጠለ።

በዚያው ሰሞን ከመሠረተ ትምህርት ስብሰባ ስንወጣ የቀበሌው ሊቀመንበር ፊቴን አይቶ «መምህር፣ ዓይንህ ቀልቷል፣ መጽሐፍ ነው ወይስ ጠጅ?» አለኝ። እኔም ከንፈሬ ላይ የመጣልኝን ቀልድ ውጬ የማውቅ ሰው አይደለሁም፣ «ምን ጠጅ አለ ጓድ ሊቀመንበር፣ የሰፊው ሕዝብ ጉልበት ጎረቤቴ ዘንድ እየባከነ ነው እንጂ፣ ባዶ ወፍጮ ሲፈጭ ይውላል፣ አንድ ኮሚቴ ቢቋቋምለት» አልሁ። የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እሱ የገበሬ ልጅ ነውና አልሳቀም።

«ባዶ?» አለኝ።

«ባዶ» አልሁት፣ ገና እየሳቅሁ።

በማግስቱ ማለዳ ሦስት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ምን ተፈጠረ ብዬ ተከትያቸው ገባሁ። እትዬ አንጓች ወፍጮው ላይ ተንበርክከዋል፣ መጁን፣ ማለት በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን ድንጋይ፣ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ የእጃቸውን አንጓ ያዘና «አንድ ጊዜ ያቁሙት እትዬ አንጓች» አላቸው። ቆመ። ሁላችንም ዝም አልን፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝምታ አላውቅም፣ ለወራት የተመኘሁት ዝምታ ያ ነበር። ከዚያ ጥግ ላይ ካለው የእህል ጎታ ውስጥ ሳል መጣ። እጅ አፉ ላይ ተጭኖ የታፈነ፣ እርጥብ ሳል።

«ባዶ ወፍጮ የሚፈጭ ሰው የሚሸፍነው ድምፅ አለው» አለ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሊያመሰግነኝ የፈለገ ይመስል ነበር።

ፈንታሁንን ከጎታው ጎትተው አወጡት። ሁመራ አልወረደም፣ ያን ሁሉ ወር እዚያ ነበር፣ የጎታው አቧራና ብርድ ደረቱን በልቶት፣ ቆዳው አመድ መስሎ። ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው አየኝና «እንደምን አደሩ መምህር» አለኝ። ክፍል ውስጥ ስገባ ቆሞ እንደሚለው አድርጎ።

እናቱ አልጮኹም። «አንድ ሰዓት ብቻ ስጡኝ» አሉ። «ገብስ ቆልቼ በሶ ልፍጭለት። ልጅ ያለ ስንቅ ከእናቱ ቤት አይወጣም።»

«መንግሥት ያበላዋል» አለ ሊቀመንበሩ።

«የመንግሥት የመንግሥት ነው፣ እኔ እናቱ ነኝ።»

አልጠበቋቸውም። ፈንታሁንን የጫነው መኪና ወደ ደብረ ታቦር ሲነሳ እትዬ አንጓች ተመልሰው ወፍጮው አጠገብ ተቀመጡ፣ ገብሱን ሳይቆሉ፣ መጁን ሳይነኩ፣ ድንጋዩን ብቻ እያዩ። እኔም ወደ ክፍሌ ገብቼ የበሬ ቆዳዬን አየሁ። ያን ግድግዳ ባልመርገው ኖሮ ሳሉ ይሰማኝ ነበር፣ ከተሰማኝ ይገባኝ ነበር፣ ከገባኝ አፌን እይዝ ነበር፣ ቢያንስ እይዝ ነበር ብዬ ማሰብ እወዳለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ አንጓች ወገዳ፣ ስማዳ ውስጥ፣ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ተነሱ። የታችኛው ድንጋይ በጭቃ መደብ ላይ የተተከለ ነውና ተዉት፣ መጁን ግን በነጠላ እንደ ሕፃን አዝለውት ወጡ። መንገድ ላይ ደርሼባቸው አንድ ነገር ልናገር ሞከርሁ፣ ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም። «አንተም መተኛት ፈልገህ ነው» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር። ቀበሌው በራቸውን ቆልፎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጠፈበት።

እንግዲህ ያልሁህ ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ሲያወራ እኩለ ሌሊት ይለዋል፣ መብራት ጠፋ ይላል፣ ጅብ ጮኸ ይላል። የእኔው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፣ እሑድ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ጠራራ ፀሐይ ወጥቶ። የቀበሌ ስብሰባ ግዴታ ስለነበር ሰፈሩ ባዶ ነው፣ ሽማግሌው እንኳ አልቀረም፣ እኔ አሞኛል ብዬ ቀርቼ አልጋዬ ላይ መጽሐፍ ይዣለሁ። የሩቅ ጭብጨባ ይሰማል፣ ይቆማል። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ፣ ቦታውን እንደሚፈልግ። ቀጥሎ ገር አለ።

አይጥ ነው አልሁ። አይጥ ግን ገፍቶ፣ መልሶ ስቦ፣ ዱቄቱን ለመጥረግ ረፍት አድርጎ እንደገና አይጀምርም። እመነኝ ወዳጄ፣ እኔን ያስፈራኝ ድምፁ መምጣቱ አልነበረም። ድምፁ ባዶ አልነበረም። ወፍራም ነበር፣ የተረጋጋ፣ በመሐሉ እህል ያለበት፣ የተቆላ ገብስ ሲሰበር ያለው ያ የሚንቀጫቀጭ ነገር ያለበት።

ወጣሁ። ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፣ ወረቀቱም አልተቀደደም። በበሩ ስንጥቅ አየሁ፣ ፀሐይ በጣሪያው ቀዳዳ ገብታ የታችኛው ድንጋይ ላይ አርፋለች፣ ድንጋዩ ላይ አቧራ አለ፣ የሸረሪት ድር ከመደቡ እስከ ጎታው ተዘርግቷል፣ ሰው የለም፣ መጅ የለም። ድምፅም የለም። ወደ ክፍሌ ተመለስሁ፣ ገር፣ ገር፣ እንደገና ወጣሁ፣ ዝም፣ ገባሁ፣ ገር። አራት ጊዜ ተመላለስሁ፣ ያየኝ ሰው ቢኖር ጠበል ይወስደኝ ነበር። ከእኔ ግድግዳ በቀር የሚሰማበት ቦታ አልነበረውም።

የበሬ ቆዳውን ገለጥሁት። ከግርጌ፣ ጋዜጣው ከወለሉ በሚገናኝበት፣ በጣት ስፋት ልክ መስመር ሠርቶ ዱቄት ፈስሷል። ቡናማ፣ ልም፣ ለብ ያለ። በአንድ ስንዝር ምርጊት አልፎ ማለት ነው፣ እኔ ራሴ ስንጥቁን አንድ በአንድ በደፈንሁት። በጣቴ ነክቼ ምላሴ ላይ አደረግሁት። በሶ ነበር።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ሳሉን ጠበቅሁ። ወፍጮው ካለ፣ ስንቁ ከተፈጨ፣ ልጁም ይኖራል ብዬ፣ በምን ሒሳብ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ስብሰባው ተበትኖ የሰው ኮቴ መንገዱን እስኪሞላው ድረስ ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ወፍጮው ቆመ። ማንም አልሳለም።

በሳምንቱ ቤት ቀየርሁ፣ ወደ ገበያው ሰፈር። እዚያ ምንም አይሰማም፣ አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም፣ ያም ሆኖ አልተኛሁም። ዱቄቱን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤው ነበር፣ ትምህርት ሲዘጋ ወገዳ ሄድሁ፣ በገበያ ቀን እትዬ አንጓችን ጌሾ ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው፣ ቢስቁብኝ ልችል ተዘጋጅቼ። አልሳቁም። ወረቀቱን ፈትተው ቆንጥረው ቀመሱ።

«ጥቁር ገብስ ነው» አሉ። «የእኔ ነው፣ ትንሽ አሳርሬዋለሁ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ ሲስል ሰማህ?»

ወዳጄ፣ እኔ ለእውነት ስል ጓደኛ ያጣሁ ሰው ነኝ።

«አዎ፣ ሳለ» አልኋቸው።

«እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?»

«ደረቅ።»

«እንዲያ ከሆነ ደረቱ ተሽሎታል» አሉና ዱቄቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በዚያች ቃል ዓመታት ኖሩ። መንግሥቱ ወድቆ የተበተነው ወታደር በእግሩ ወደየአገሩ ሲገባ መንገድ ዳር እየቆሙ፣ በሶ በጥብጠው ላለፈው ሁሉ ሲያጠጡና ፊቱን ሲያዩ ከረሙ ብለው ሰዎች ነግረውኛል። ፈንታሁን አልመጣም፣ ሞቷል የሚል ወረቀትም አልመጣም። እሳቸውም ዐረፉ። ያን ቀን የሰማሁት ምን እንደነበረ አላውቅም፣ ዱቄቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ የማውቀው ያልሰማሁትን ብቻ ነው።

ቤቱ ዛሬም አልፈረሰም አሉ፣ ምርጊቴም እንዳለ ነው። ወደ መካነ ኢየሱስ መንገድ ካለህ ግባና ጆሮህን ግድግዳው ላይ ለጥፍ። ስለ ወፍጮው አትንገረኝ። ልጁ ከሳለ ብቻ ንገረኝ።